ስም ያልተጻፈበት አልጋ

ማይክሮስኮፕ የሰው ዓይን ይለካል። ይህን ከላቦራቶሪ ሠራተኛ ሌላ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሁለቱ መመልከቻዎች እንደ ተመልካቹ ዓይኖች ርቀት ይጠባሉ፣ ይሰፋሉ፤ በመካከላቸው ባለችው ትንሽ ማስመሪያ ላይም ርቀቱ በሚሊሜትር ይነበባል። የእኔ ሃምሳ ስምንት ነው። የእርሱ ስልሳ ስድስት።

እኔ የቀን ተረኛ ነኝ፣ እርሱ የሌሊት። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ማይክሮስኮፕ ስንጋራ አብረን የምንሆነው በርክክብ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ። እርሱ ጠዋት ከመሄዱ በፊት መመልከቻዎቹን ወደ ሃምሳ ስምንት ያጠብልኛል። እኔ ማታ ወደ ስልሳ ስድስት አሰፋለታለሁ። ማንም ያላዘዘን፣ ማንም ያልነቃብን ሰላምታችን ይህ ነበር። ስንጠራራም በቁጥር ነው።

«ሃምሳ ስምንት፣ ዛሬም ቁርስ ሳትበዪ መጣሽ አይደል?» ይለኛል።

«ስልሳ ስድስት፣ አንተ ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር የምታውቅ አትመስልም» እለዋለሁ።

እውነትም ተኝቶ አይቼው አላውቅም ነበር። ይህችን ነገር ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም።

ከሦስት ሳምንት በፊት በርክክብ መዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ በእርሳስ፣ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሑፉ እንዲህ የሚል አገኘሁ። «መደበቅ ሰለቸኝ። አንድ እሑድ ቤታችሁ መጥቼ እናትሽን ሰላም ልበላቸው። የማትፈልጊ ከሆነም ይገባኛል፤ ወደ ሌላ ከተማ ሆስፒታል የሚያዛውረኝ ፎርም እጄ ላይ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ። ሰኞ አስገባዋለሁ።»

አባቴ የዚሁ ሆስፒታል ዋና ሐኪም ነበር፤ ፎቶግራፉ አሁንም ታች ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። የስልሳ ስድስት እናት ደግሞ በአባቴ ዘመን የሆስፒታሉን አንሶላ ታጥብ ነበር። እማዬ አንዳንዴ ስታነሳት «ያቺ እጇ በረኪና በረኪና የሚሸተው» ትላለች። በክፋት አይደለም፤ ስለ ሰው ቁመት እንደምታወራ አድርጋ ነው የምትለው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነበር። ክፉ ብትሆን እጣላት ነበር።

መልስ አልጻፍኩም። የዚያን ዕለት ማታ ማይክሮስኮፑ ፊት ቆሜ አሰብኩ። ወደ ስልሳ ስድስት ካሰፋሁት «እሺ፣ ና» ማለቴ ነው። እሺ ለማለት ደግሞ ልብ አጣሁ። ሃምሳ ስምንት ላይ ትቼው፣ ርክክቡን ፈርሜ፣ ከመምጣቱ በፊት ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት እርሱም ከመድረሴ በፊት ሄዶ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ሳስጠጋ ሁለት ክብ ብርሃን ታየኝ፤ አንድ መሆን አልቻሉም። ቁጥሩን አየሁት። ስልሳ ሁለት።

የእኔ አይደለም። የእርሱም አይደለም።

በማግስቱም ስልሳ ሁለት። ከዚያም በኋላ እንደዚያው፤ ርክክባችንም በመዝገቡ ፊርማ ብቻ ሆነ፣ ፊት ለፊት አልተያየንም። በየጠዋቱ ጥርሴን ነክሼ ወደ ራሴ ቁጥር እመልሰዋለሁ፤ በየጠዋቱ ስልሳ ሁለት ሆኖ ይጠብቀኛል። የእኔ ወንበር ላይ፣ በእኔ ማይክሮስኮፕ፣ ሌላ ዓይን ያድራል ማለት ነው። ማፈሬ አይቀርምና ልናገረው፤ የሆስፒታሉን ሴቶች ዓይን በግምት መለካት ጀመርኩ። በካፍቴሪያው ሰልፍ ላይ፣ በደረጃው ላይ። ወደ ስልሳ ሁለት የሚጠጉ አራት ሴቶች አገኘሁ። አንደኛዋ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር የቀራት የወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች፤ እርሷንም ቢሆን ለሁለት ቀን ያህል በክፉ ዓይን አይቻታለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ላቦራቶሪውን ስከፍት ከአልኮሉና ከሳሙናው ሽታ በላይ ሽቶ ሸተተኝ። የበሩን ጥበቃ እንደ ዋዛ ጠየቅኩት።

«ሠዓሊዋ ናታ» አለ። «ካሜራ ይዛ ሌሊት ሌሊት ትመጣለች። ከአስተዳደር የፈቃድ ወረቀት አላት። አቤት ጨዋታዋ ግን። እንቅልፌን ነው ያበረረችው።»

ሠዓሊዋን አውቃታለሁ። የእማዬ የልብ ጓደኛ ልጅ ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ እማዬ እርሷን አይታ ወደ እኔ ስትዞር ፊቷ ላይ አንድ ነገር ይወርዳል። «ይቺ ስንት አገር ዞረች። አንቺ ደም ስትቆጥሪ መሸብሽ» ትለኛለች፣ እየሳቀች። ሠዓሊዋ ደግሞ ዝም ስለምል «ጭጭ» የሚል ስም አወጣችልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ጭጭ ሲለኝ ነው ያደግኩት። ከሴት ሁሉ እርሷ። ሌላ ብትሆን ኖሮ፣ ብዬ አሰብኩ፤ ሌላም ብትሆን ያው ነበር።

የሠዓሊዋ ኤግዚቢሽን መክፈቻ የጥሪ ካርድ ቤታችን ሲደርስ «ሌሊት» ከሚለው ርእስ ሥር ቀኑ ተጽፎ ነበር። የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። እርሱ የቀጠረልኝ የመጨረሻ ቀን።

«አብረን እንሄዳለን» አለች እማዬ። «አንቺም ሰው ማየት ይልመድብሽ።»

*

ቦታው የድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጋዘን ነው። መስኮቶቹ ሁሉ ጥቁር ተቀብተዋል። በሩ ላይ የቆመው አስተናጋጅ ስልኮቻችንን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈ፤ ከዚያ የእማዬን የእጅ ሰዓት በጣቱ አመለከተ።

«ይቅርታ፣ ቁጥሮቹ ያበራሉ። ብርሃን ያለው ነገር አይገባም።»

«በዘጠኝ ሰዓት መሽቷል ልትለኝ ነው?» አለች እማዬ።

«ውስጥ መሽቷል፣ እናቴ።»

እያጉረመረመች ፈታችለት።

በግድግዳው ላይ የተዘረጋ ገመድ እየያዝን ገባን። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የሚታይ ምንም ነገር የለም። የብዙ ሰዎች የእንቅልፍ ትንፋሽ ብቻ ከእግራችን ሥር ይሰማል፤ የእንጨቱ ወለልም ከትንፋሹ ጋር ቀስ ብሎ ከፍ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። ሰው ደረት ላይ የቆምኩ መሰለኝ። እማዬ ክንዴን ጨመደደችኝ።

«መሬቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

«መሬቱ ነው፣ እማዬ።»

«አንዲት ሴት ልጅ ተቀምጣ ይኼን ታስባለች? እናቷ ምን አስተምራት ነው?»

እኔ ሌላ እያሰብኩ ነበር። ከእነዚህ ትንፋሾች አንዱ የእርሱ ይሆን? ቢሆንስ፣ ለይቼ አውቀዋለሁ? አላውቀውም። እርሷ ግን ታውቀዋለች።

በሁለተኛው ክፍል በሮች ብቻ ቆመዋል፤ ግድግዳ የሌላቸው፣ ሃያ የሚሆኑ በሮች፣ እያንዳንዳቸው የማጮለቂያ ቀዳዳ ያላቸው። በአንደኛው ታያለህ፤ ማዶ ጨለማ ነው። በሁለተኛው ስታይ አንድ ዓይን በደብዛዛ ብርሃን መልሶ ያይሃል።

«ይቺ ዓይን የማን ናት? ምን አድርጌያት ነው እንዲህ የምታፈጥብኝ?» አለች እማዬ።

አንዲት አስተናጋጅ በሹክሹክታ ነገረቻት፤ በመጀመሪያው በር ስናጮልቅ ካሜራ ቀርጾን ነው። የሚያዩን የራሳችን ዓይኖች ናቸው። እማዬ እንደገና አጮለቀችና በቀስታ «እንዲህ ነው የማየው?» አለች። ማንን እንደጠየቀች አላወቅኩም።

የእኔንም አየሁት። ውኃ የቋጠረ፣ ዙሪያው የቀላ፣ የሆነ ነገር የሰረቁበት የሚመስል ዓይን። በሕይወቴ የራሴን ዓይን ሲቀና አይቼ አላውቅም ነበር። ፊቴን አዞርኩ።

ሦስተኛው ክፍል የአልጋዎቹ ነበር።

ሰባት የብረት አልጋዎች፣ የሆስፒታል ዓይነት፣ በነጭ አንሶላ የተነጠፉ። በእያንዳንዱ አንሶላ ላይ ከጣሪያው የሚወርድ ብርሃን የተኛ ሰው ምስል ይጥላል፤ በእውነተኛው የሰው ልክ። ከሥር ትንሽ ማራገቢያ አንሶላውን እያወዛወዘ ምስሉ የሚተነፍስ ይመስላል። በእግርጌ እንደ ሕመምተኛ ካርድ የተንጠለጠለ ወረቀት ላይ ስምና ሥራ ተጽፏል። ዳቦ ጋጋሪ። የድልድይ ጥበቃ። አዋላጅ ነርስ። ሌሊት የሚሠሩ ሰዎች፣ ሥራቸው ላይ ሳሉ እንቅልፍ ያሸነፋቸው። በየአልጋው አጠገብ የአስታማሚ ወንበር አለ፤ ከግድግዳው ሥርም በጨለማው ውስጥ የተደረደሩ ወንበሮች ላይ ሰዎች መቀመጣቸው በመቁነጥነጣቸው ብቻ ይታወቃል። አስከሬን የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ሰባተኛው እርሱ ነበር።

ጋውኑን እንደለበሰ፣ ራሱን በክንዱ ላይ አድርጎ፣ ከማይክሮስኮፑ አጠገብ። አንድ እጁ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ሆኖ፣ የሆነ ነገር እንዲያስቀምጡበት የዘረጋው ይመስል። ግንባሩን ይቋጥራል። እየሠራ ግንባሩን ሲቋጥር አይቼው አላውቅም፤ ቀን የሚደብቀውን ሲተኛ ነው የሚያወጣው ለካ። አፉ ትንሽ ተከፍቷል። ካሜራው ከፊቱ የአንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ነበር። ማለትም እርሷ ከፊቱ የአንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ነበረች። ትንፋሿን ይዛ። ሽቶዋን ተቀብታ።

ሦስት ዓመት የወደድኩትን ሰው ተኝቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተጋፍቼ ነው። አንዲት ወይዘሮ ጎንበስ ብላ «ውይ፣ ሲያምር» አለች። ፊቱን በአንሶላው ልሸፍነው ከጅሎኝ እጄ ተነሳ። አንሶላው ላይ ግን ምን አለ? ብርሃን ነው። ብርሃን አይሸፈንም።

የእርሱ ካርድ ባዶ ነበር። ስምም ሥራም የለበትም።

እማዬ ቀረብ ብላ አየችው።

«ይኼ ልጅ ደረቱ ላይ ያለው የእናንተ ሆስፒታል ምልክት አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታውቂዋለሽ?»

ጥያቄው ሦስት ዓመት ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ ነው፤ እንዲህ በቀላሉ፣ በጨለማ ውስጥ፣ ቦርሳዋን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እያዛወረች ትጠይቀኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዓይኔ ግን ከዚያ ፊት ላይ አልነቀል አለ፤ የሌላ ሴት ካሜራ አይቶ ለአገር ካሳየው ፊት። ፍርሃቴ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ቅናቴ ነው የተናገረው።

«አላውቀውም» አልኩ። «የሌሊት ሠራተኞችን እኛ አናገኛቸውም።»

ከኋላችን፣ ከግድግዳው ሥር፣ አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ። ከዚያ የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ፤ የላቦራቶሪው ቁልፍ ከሁለቱ የቆርቆሮ መለያዎች ጋር ሲጋጭ የሚያሰማውን። ያ ድምፅ በየማታው ከደረጃው ሲመጣ ሰምቼ ፀጉሬን የማስተካክልበት ድምፅ ነው።

«ይቅርታ እናቴ፣ ያሳልፉኝ» አለ ከጨለማው ውስጥ፣ ረጋ ብሎ።

እማዬ ወደ ጎን አለችለት። በመካከላችን አለፈ። ጋውኑን የሚያጥብበት ሳሙና ሸተተኝ። ወደ እኔ አልዞረም፤ ቢዞርም በዚያ ጨለማ ፊቱን አላየውም ነበር፤ እንዳልዞረ ግን አውቃለሁ።

«ጨዋ ልጅ ነው» አለች እማዬ ካለፈ በኋላ።

የአልጋውን ብረት ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነበር።

*

መውጫው ላይ ያለው አዳራሽ በብርሃን የተሞላ ነው። ዓይኔን አጭበረበረኝ። እማዬ ጉልበቷን አሟት እዚያው የአስታማሚ ወንበር ላይ አረፍ ብላ ነበር፤ ብቻዬን ወጣሁ። በሰው መካከል ሮጬ በሩ ድረስ ሄድኩ። እርሱ ግን መንገዱ ላይ አልነበረም።

ስመለስ ሠዓሊዋ እጄን ያዘችኝ።

«ጭጭ! መጣሽ እንዴ? እትዬስ? አስደነገጥኳቸው አይደል?»

«ሰባተኛው ካርድ ለምን ባዶ ሆነ?» አልኳት።

ሰላም እንኳ ሳልላት እንዲህ ማለቴ ገርሟት አየችኝ። «የእናንተ ሆስፒታል ሰው ነው እኮ። ስድስቱ ስማችን በትልቁ ይጻፍ ብለው ተሻምተዋል። ዳቦ ጋጋሪው የልጆቹን ስም ሁሉ ጨምሪልኝ ብሎኛል። እሱ ግን እምቢ አለ። ‹ስሜን በቀን ማየት የማትፈልግ ሰው አለች› አለኝ። ባለትዳር ሴት የያዘ መስሎኝ ነበር።»

እኔን ማለቱ እንደሆነ አወቅኩ። ቢሆንም ቅናት ግትር ነው፤ አልለቀቀኝም።

«ወደድሽው?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው፤ እኔን እያየች። «ትንሽ። ቁርስ ልጋብዝህ ብለው ‹ከቤቷ ሳትበላ የምትመጣ ሰው አለች፣ ዳቦ ላስቀምጥላት ነው› አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? ቆይ፣ አንቺ ግን ምን ሆነሽ ነው?»

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት መሳቢያዬ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ነበር። የጽዳቷ ሴት የረሳችው መስሎኝ ለጥበቃው እሰጠው ነበር።

«ማይክሮስኮፑንስ?» አልኳት። «እሱን አሳየሽ?»

«እሱን ተይው። ስድስት ሌሊት ለምኜ አንዴ ነው የፈቀደልኝ፤ እሱም ሊወጣ ሲል። መመልከቻዎቹን ላስተካክል እጄን ስዘረጋ ‹እንዳትነኪው› አለኝ። ‹እዚያ ቁጥር ላይ ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው።› ለእኔ ጠበበኝ፤ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያየሁት።»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኖቿን በደንብ አየሁ። የተራራቁ፣ ትልልቅ፣ የሚያምሩ ዓይኖች ናቸው። ስልሳ አምስት ቢያንስ። የወጥ ቤት ኃላፊዋን ሳይቀር ስለካ እርሷን ሳልለካ የቀረሁት ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኗን ቀና ብዬ አይቼ ስለማላውቅ ነው።

እንግዲያው ስልሳ ሁለት የማን ነው?

ቀኑን ሙሉ የምቆጥር ሴት ነኝ። ነጭ የደም ሕዋስ፣ ቀይ የደም ሕዋስ፤ ተሳስቼ አላውቅም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ጣቶቼን እንደ ልጅ አጥፌ ቆጠርኩ። ከሃምሳ ስምንት አራት ወደ ላይ። ከስልሳ ስድስት አራት ወደ ታች።

እኩሌታው።

ወደ ቁጥሩ አልሄድኩለትም፤ ስለዚህ ወደ እኔ መጣ። እስከ መጨረሻው ግን አልመጣም፤ ግማሹን መንገድ ሄዶ ቆመ። ቀሪውን ከእኔ ጠበቀ። አሥራ አምስት ጠዋት። በሦስቱ ሳምንት ሥራ የገባሁባቸውን አሥራ አምስት ጠዋት በሙሉ ያንን የተዘረጋ እጅ የሌላ ሴት ዓይን ነው እያልኩ በንዴት ስመልሰው ኖሬያለሁ።

«እርሳስ አለሽ?» አልኳት።

ጆሮዋ ላይ የሰካችውን አውጥታ ሰጠችኝ። ምንም አልጠየቀችም። እንዲህ ዝም ስትል ያየኋት ያን ዕለት ብቻ ነው።

*

እማዬ ከሰባተኛው አልጋ አጠገብ፣ እንዳስቀመጥኳት ተቀምጣለች። የአንሶላው ብርሃን ከታች ፊቷን አብርቶታል። ሰዎቹ ወጥተው ነበር። ተንበርክኬ ካርዱን ከአልጋው ብረት ላይ ሳልፈታው ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጻፍኩ።

«ምን ትጽፊያለሽ?»

«ስሙን።»

ወለሉ ከወዲያኛው ክፍል ሲተነፍስ ይሰማል። ስሙን ከነአባቱ ጻፍኩ፤ ሥራውን ከሥሩ። ጉልበቴ ላይ ነበርና የመጨረሻው ፊደል ተጣመመ።

«አላውቀውም አላልሽኝም እንዴ?»

«ዋሽቼሽ ነው፣ እማዬ። ሦስት ዓመት ነው የማውቀው። ማግባት የምፈልገው ሰው ነው። ሲተኛ ግንባሩን እንደሚቋጥር ብቻ አላውቅም ነበር።»

 ቦርሳዋን ከፈተች፣ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው።

«የማን ልጅ ነው?»

«አንሶላ ታጥብ የነበረችው። አንቺ እጇ በረኪና የሚሸተው የምትያት።»

ይህን ስል እንድትጎዳ አልፈለግኩም፤ ግን ተጎዳች። የራሷን ቃል ከእኔ አፍ ስትሰማው አንገቷን ደፋች። ከዚያ እጇን ዘርግታ አንሶላውን፣ የእርሱ ክፍት መዳፍ ካለበት ላይ፣ በጣቶቿ ዳሰሰችው። የእርሱ እጅ በእርሷ እጅ ጀርባ ላይ በራ።

«ቅድም ያሳልፉኝ ያለኝ እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ሰምቶሻል ማለት ነው።»

«ሰምቶኛል።»

«አባትሽም ሲተኛ እንዲህ ነበር የሚቋጥረው» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለአንሶላው። «ሰው ሁሉ ሳቂታ ነው ይለው ነበር። እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።» ወደ እኔ ዞረች። «አሁን ይኼንን ሰው ሁሉ እየመጣ ሊያየው ነው?»

«ሁለት ወር ይቆያል።»

«አይከፋሽም?»

«ያቃጥለኛል» አልኳት። እውነቴን ነበር። አሁንም ያቃጥለኛል።

በክንዴ ተደግፋ ተነሳች። በሩ ላይ ሰዓቷን መልሳ እያሰረች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ታክሲ ጥሪ» አለችኝ።

«ወደ ቤት?»

«አንቺ ወደምትሄጂበት።»

*

ቅዳሜ ቀን የላቦራቶሪ ሥራ ሁሉ ታች ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሠራው፤ የእኛን ክፍል እስከ ማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ማንም አይከፍተውም። በራሴ ቁልፍ ከፈትኩ። ጠረጴዛው ላይ ሁሉ ነገር በቦታው ነበር። መብራቱን ሳላበራ በመስኮቱ ብርሃን ማስመሪያውን አነበብኩት።

ስልሳ ሁለት። የመጨረሻው ቀን ጠዋትም እንኳ።

መመልከቻዎቹን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ አሰፋኋቸው። አራት ሚሊሜትር። አንድ የምስር ፍሬ አይሞላም። ሦስት ሳምንት ሙሉ መሄድ ያቃተኝ መንገድ ይኸው ነበር።

የቁልፎቹን ድምፅ ከደረጃው ሰማሁ። እንደ ሌላው ማታ ፀጉሬን ለማስተካከል እጄን አነሳሁ፤ ግን ተውኩት።

በሩ ላይ ቆመ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለ። «ተረኛ አይደለሽም።»

«አይደለሁም።»

ኮቱን ሰቀለ። ጋውኑን ለበሰ። የጋውኑን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፣ ከላይ እስከ ታች፤ ሁልጊዜ የላይኛውን ይረሳ ነበር።

«ፎርሙን ፈርሜዋለሁ» አለ። «ከዚያ ወጥቼ፣ አውቶቡስ ላይ።»

«አስገብተኸዋል?»

«ቢሮው ሰኞ ነው የሚከፈተው።»

ልነግረው ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። ስለ ሽቶው፣ ስለ ዳቦው፣ ስለ ወጥ ቤት ኃላፊዋ ዓይን። ታክሲው ውስጥ ቃል በቃል ደርድሬው ነበር። ፊቱን ሳየው ሁሉም ጠፋኝ።

«ሌላ ሰው ያየበት መስሎኝ ነው» አልኩት፣ ማይክሮስኮፑን እያመለከትኩ። «ስልሳ ሁለቱን። የሠዓሊዋ ዓይን መስሎኝ ነው።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው በአጠገቡ ያለውን ጠረጴዛ በእጁ ተደገፈ።

«አሥራ አምስት ጠዋት?» አለ።

«አሥራ አምስት ጠዋት።»

«እኔ ደግሞ አልፈልግህም እያልሽኝ መስሎኝ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ዛሬ ደግሞ በጆሮዬ ሰማሁት።»

«ካርዱ ላይ ስምህን ጽፌዋለሁ። እማዬ እያየችኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ምን አሉ?»

«ታክሲ አስጠራችኝ። ታች ኮሪደሩ ላይ፣ ከአባዬ ፎቶ ሥር ተቀምጣለች። መንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረችም።» ወደ በሩ ተመለከትኩ። «ግን አልሄደችም።»

 መጥቶ ወንበራችን ላይ ተቀመጠ፤ ቁጥሩን ሳያይ ሁለቱን ዓይኖቹን በመመልከቻዎቹ ላይ አደረገ። ስልሳ ስድስቱን እንዳገኘው ከትከሻው አወቅኩ። ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ከሥር መብራት የለም፤ የሚታይ ነገር አልተቀመጠም።

«ስላይድ የለበትም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ፤ ዓይኖቹን ግን አላነሳም።